ለአንድ ሰከንድ ለመታየት

ኤፍራታ ይዲድያ ደብረ ብርሃን ዳር ወዳለው ማዝገሚያ ቤት ስትገባ ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ የበቀለው እጢ በሦስት ሳምንት ጊዜ እንደሚገድላት ሐኪሞች ለወላጆቿ ነግረዋቸዋል። መድኃኒቱ እየተሠራ ነው፤ ቢዘገይ አሥር ዓመት ይፈጃል ተብሏል። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነቱ በሽተኛ መድኃኒቱን የሚጠብቀው በማዝገሚያ ውስጥ ተኝቶ ነው። የእኛ አንድ ዓመት እዚያ ለተኛ ሰው አንድ ሰከንድ ነው።

እናቷ ሔርሜላ ጅግጅጋ አካባቢ የነፋስ ኃይል ማማ ጠጋኝ ነበረች። ስድስት ሳምንት ማማ ላይ ትከርማለች፣ አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ቤቷ ትመጣለች። ስለዚህ ኤፍራታ የእናቷን ፊት አብዝታ የምታውቀው በሳሎኑ መስታወት ላይ ነው። ሰዉ ስክሪን ማለቱን ትቶ መስታወት ማለት ጀምሯል። ማታ እራት ሲቀርብ ልጅቷ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ መስታወቱ ታስጠጋለች፣ እናቷ ከማማው ሥር ካለው ማደሪያ ሆና አፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ ልጅቷ ጉርሻውን ራሷ ትበላዋለች። አባቷ ይዲድያ የጥርስ ሐኪም ነው። ልጅቷን የሚያጥበውም፣ የሚያስተኛውም፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም እሱ ነው።

በገባችበት ቀን ሔርሜላ ፈቃድ ወስዳ መጥታ ነበር። ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ መርፌ አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ የለም አሏት። እናቷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ዓይንሽን ጨፍኚና እስከ አሥር ቁጠሪ። ስትጨርሺ ፊትሽ እኔ ነኝ ያለሁት» አለቻት። አጠገባቸው የቆመችው የቤቱ ሐኪም ዶክተር ሉላ ራሷን ነቀነቀች፤ በዕቅዱ መሠረት ነገሩ እውነት ነበር። ወላጆቿ ግንባሯን ስመው የማዝገሚያውን ድንበር ለማሳየት ወለሉ ላይ ከተቀባው ቢጫ መስመር ወጡ፤ ማዝገሚያው ተከፈተ። ኤፍራታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ የተንቀሳቀሰች አትመስልም ነበር።

ቤቱን ያቋቋሙት ሐኪሞች የጊዜ መለኪያቸውን የወሰዱት ከባሕረ ሐሳብ ነው። ቀን ለስድሳ ሲከፈል ኬክሮስ ይባላል፣ ኬክሮስ ለስድሳ ሲከፈል ካልዒት፣ ካልዒት ለስድሳ ሲከፈል ሣልሲት። ሣልሲት ግማሽ ሰከንድ አትሞላም፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ያለችው ጊዜ ናት። ውጭ ለሚጠብቅ ዘመድ ግን አምስት ወር ሊሆናት ጥቂት ቀን ይጎድላታል። ጠያቂዎች ቋንቋውን ቶሎ ለመዱት። እሑድ እሑድ በመጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ከቤታቸው ባመጡት ምሳ ላይ ተሰብስበው ስለ በሽተኞቻቸው ያወራሉ። አንዱ ሽማግሌ ባለቤቱ ማስነጠስ እንደጀመረችና ለፋሲካ ሳትጨርስ እንደማትቀር ለሚያገኘው ሁሉ ይናገር ነበር። የአንዷ ወንድም ከሰኔ ጀምሮ ዓይኑን ከድኗል፤ የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ይገልጣል ብላ ትጠብቃለች። ለሰላምታ ያህል «ያንተዋስ ተነፈሰች?» ይባባላሉ። አንድ ትንፋሽ ገብቶ እስኪወጣ አራት ዓመት ይፈጃል።

ኤፍራታ ቆጠረች። በመጀመሪያው ዓመት ከንፈሯ ለ«አንድ» ተከፍቶ ተዘጋ። በሁለተኛው ዓመት ለ«ሁለት» ሲሞጠሞጥ ክረምት ገባ። ሔርሜላ በእረፍት ሳምንቷ እየመጣች ከቢጫው መስመር ወዲህ ቆማ የልጇን ከንፈር ታያለች፣ ከዚያ ወደ ማማዋ ትመለሳለች። ይዲድያ በየእሑዱ ይመጣ ነበር። በስድስተኛው ዓመት ላይ መምጣቱን ወደ ወር አንዴ ዝቅ አደረገው። በሰባተኛው ከሔርሜላ ጋር ተለያዩ፤ አልተጣሉም። እሷ በኋላ ለሰው ስትናገር፣ ይዲድያ በር ላይ ቆሞ ያላትን አንድ ነገር ብቻ ነው የምታነሣው። «ኤፊ ከገባች ገና ሰባት ሰከንዷ ነው፤ እኛ ግን ሰባት ዓመት አለቀብን፣ ሔርሚ» ነበር ያላት። ሌላ ሴት አገባ። በዘጠነኛው ዓመት ምዕራፍ የምትባል ሴት ልጅ ወለደ።

በስምንተኛው ዓመት መድኃኒቱ ተሞክሮ ከሽፏል። ተመራማሪዎቹ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመሩ። ዶክተር ሉላ ለወላጆቹ ስትነግራቸው ይህ ማለት ለኤፍራታ የጥቂት ሰከንድ መዘግየት ነው አለች። ለማጽናናት ነበር። ሔርሜላ ግን የልጇን ቆጠራ አሰላች። ልጅቷ ስምንት ላይ ደርሳለች። ሁለት ቁጥር ቀርቷታል።

ሔርሜላ ሥራዋን ትታ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራየች።

በዐሥረኛው ዓመት ኤፍራታ «አሥር» አለች። በተከታዩ መስከረም የዓይኗ ሽፋን መነሣት ጀመረ፤ ኅዳር ሲገባ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ተገልጧል። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ነቅቶ የሚጠብቅ ዓይን ነው። ሔርሜላ በተፈቀደላት ሰዓት ሁሉ ገብታ ከፊቱ ቆመች። አወራች፣ እጇን አወዛወዘች፣ ስሟን ጠራች። ዶክተር ሉላ ብዙ ቀን ካየቻት በኋላ ለብቻዋ ወስዳ አስረዳቻት። ሔርሜላ የምትቆምባት አንድ ሰዓት ለልጅቷ ከሰከንድ ስምንት ሺህኛ እጅ ነው። ዓይን ያንን አይይዝም። ለኤፍራታ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ገብቶ አያውቅም።

ቤቱ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ያዘጋጀው ነገር ነበር። የሔርሜላን ፊት ቀርጸው፣ እንደ ልጅቷ ጊዜ አዝግመው፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ መስታወት ላይ አሳዩ። በምስሉ ላይ እናቷ ለወራት ፈገግ ትላለች። የኤፍራታ ዓይን ጥር ላይ መስታወቱን አገኘው፣ እስከ ሚያዝያ እዚያው ቆየ፣ ከዚያ ጥሎት ወደ በሩ መጓዝ ጀመረ። ሐኪሞቹ ምክንያቱ አልገባቸውም፤ ሌሎች ሕፃናት በመስታወቱ ይረጋጋሉ። ለሔርሜላ ግን ገብቷታል። ይህች ልጅ እናቷ በመስታወት ስትመጣ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። እናቷ የለችም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ሔርሜላ በልጇ ፊት ላይ ፍርሃት ሲበቅል አየች። መጀመሪያ ቅንድቦቿ መሐል ቀጭን መስመር ወጣ። በጋው ሲያልፍ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገፋ። በክረምቱ መጨረሻ የግራ ዓይኗ ሥር እርጥበት ታየ፤ ለሌላው ሰው ግን አይታይም ነበር። ሔርሜላ ምግብ ስታበስል፣ ገበያ ስትሄድ፣ ጎረቤት ሲሞት ለቅሶ ስትደርስ፣ ልጇ እዚያ አልጋ ላይ እየፈራች መሆኗን ታውቃለች። ሰው የልጁን ለቅሶ ሲሰማ ሮጦ ይደርሳል። እሷ የአንድን ለቅሶ መጀመሪያ ለሁለት ዓመት ቆማ አየች።

ለይዲድያ ደውላ ልጅቷ ትውጣ አለችው። ከማዝገሚያ ለማውጣት የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። መጣና አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት አብሬያት ልሁን፣ ከዚያ ትሙት፣ ብቻዋን እየፈራች አትኑር አለችው።  እሱ መድኃኒቱ በሚቀጥለው ዓመት ቢመጣስ ብሎ ጠየቃት። «እየፈራች ትኑር። በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚፈራው» አላትና ተነሥቶ ሄደ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥ በመስኮቱ አይታዋለች።

ያን ጊዜ ነው ለመቀመጥ የወሰነችው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጅቷ እንድታያት ከተፈለገ ሔርሜላ ከዓይኗ ፊት ሳትነቃነቅ መኖር አለባት። ለአንድ ሰከንድ እንድትታይ አንድ ዓመት። ዶክተር ሉላ ይህን የሞከሩ ሰዎች እንደነበሩ፣ አንዳቸውም ሁለት ወር እንዳልሞሉ ነገረቻት። ወንበሩን ግን ፈቀደችላት። የአንገት መደገፊያ ያለው የጥርስ ሐኪም ወንበር ነበር፤ ይዲድያ ነው ከክሊኒኩ አስጭኖ የላከው። 

ሔርሜላ ማማ ላይ ታስራ ሰዓታት መቆየት የለመደች ሴት ናት። በየጠዋቱ ትገባለች፣ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ፊቷን በልጇ ዓይን ትይዩ ታደርጋለች፣ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋን እስከ ማታ ትይዛለች። በቱቦ ሾርባ ትጠጣለች። ፀጉሯ እንዳይለዋወጥ በየሳምንቱ ትቆረጣለች፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢጫ ሹራብ ትለብሳለች። እግሮቿ አበጡ። የፊቷ ጡንቻ ማታ ቤቷ ስትገባም ከፈገግታው አልመለስ ይል ጀመር፤ ጎረቤቶቿ ሰላም ሲሏት እየሳቀች ታለቅሳለች። በአራተኛው ወር ጀርባዋ ላይ ቁስል ወጣ። በሰባተኛው የእናቷን መርዶ ሰማች፤ ለቀብር ሄዳ በማግስቱ ወንበሯ ላይ ተገኘች። ዓመቱን ጨረሰችው።

የልጅቷ ፊት መልስ እስኪሰጥ ተጨማሪ ወራት ወሰደ። ቅንድቦቿ ከፍ አሉ። ሔርሜላ አወቀችኝ ብላ አዳራሹ ውስጥ ሰው አቀፈች። ከዚያ ግን ዓይኖቿ ከሚገባው በላይ ተከፈቱ፣ አንገቷ ወደ ትራሱ ሸሸ፣ ከንፈሮቿ ለጩኸት ተላቀቁ።

ዶክተር ሉላ ነገሩን ከመናገሯ በፊት በሩን ዘጋችው። ሔርሜላ በቀን ዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር የምትቀመጠው። በቀረው ሰዓት ወንበሩ ባዶ ነው። ለልጅቷ ሁለቱ አንድ ላይ ይታያሉ። «ስስ ሆነው ነው የታዩዋት፤ በእርስዎ ውስጥ ወንበሩን ታያለች» አለቻት። ሔርሜላ በእርጋታ ካዳመጠች በኋላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጣ ለልጇ የታየቻት እንደ መንፈስ ሆና ነው።

ከዚያ ለሳምንታት ከቤቷ አልወጣችም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ማዝገሚያ ቤቱ ሄዳ እኔንም አዝግሙኝ፣ አጠገቧ አስተኙኝ ብላ ለመነች። ሕጉ ለጤነኛ ሰው አይፈቅድም፤ አልጋውም ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። ዶክተር ሉላ ስለ ቢጫው መስመር ደግማ አስጠነቀቀቻት። እጁን ብቻ ያስገባ ሰው እጁ እዚያ ይዘገማል፣ ደሙ ወዲያና ወዲህ መሄዱን ያቆማል፣ እጁ ይሞታል። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ክንዱን ያጣው እንዲህ ነው። የሚገባ ሰው አለ ከተባለ ሙሉ አካሉን በአንዴ ማስገባት አለበት፤ ያንን ደግሞ ማንም አላደረገም።

ሔርሜላ አመሰገነቻትና ወጣች።

እሑድ ቀን ነበር፣ ነሐሴ፣ ከምሳ በኋላ። አዳራሹ በጠያቂ ተሞልቷል። ሔርሜላ እንደ ማንኛውም ሰው ተመዝግባ ገባች። የማማ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ቀለል ያለ ጫማ አድርጋለች። የኤፍራታ ክፍል በር ላይ ዶክተር ሉላን አገኘቻትና ስለ ልጇ ጤንነት ጠየቀቻት፤ ደህና ናት አለቻት። ከዚያ ሔርሜላ ጀርባዋ ግድግዳውን እስኪነካ ወደ ኋላ ሄደች። ዶክተር ሉላ ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው። ስሟን ጠራቻት። ሔርሜላ ሮጠች፤ ከመስመሩ ሳትደርስ ዘለለች።

ከዚያ አየር ላይ ቆመች።

እስከ ጥር ድረስ እዚያው ነበረች። አገሩ ሁሉ ሊያያት መጣ፤ ቤቱ በሩን ለመዝጋት ተገደደ። እጆቿ ወደፊት ተዘርግተዋል፣ አንድ ጉልበቷ ታጥፏል፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተበትኗል። ይዲድያ ስድስት ዓመት የሆናትን ምዕራፍን ይዞ መጥቶ ነበር። ምዕራፍ ሴትዮዋ ለምን አትወድቅም ብላ ጠየቀችው። እየወደቀች ነው አላት። በየወሩ እየመጡ ምን ያህል እንደወረደች ያዩ ነበር። የጥምቀት ሰሞን ጉልበቷ ከአልጋው ጠርዝ ደረሰ።

ሔርሜላ አልጋው ላይ በጉልበቷ አረፈች። አመማት። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቀንም ሌሊትም አልነበረም፤ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ደብዛዛ ቀለም ሆነዋል። ክረምት ሲገባ ጠቆር ይላል፣ በጋ ሲመጣ ፈካ፤ በየሰከንዱ፣ እንደ ልብ ትርታ። ከመስመሩ ውጭ ሰው የለም። የልጇ ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ለዓመታት ከንፈሯ ላይ ያየችውን ድምፅ ያን ጊዜ ሰማችው።

«እማዬ!»

ሔርሜላ ጎትታ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። የልጅቷ ሰውነት ሞቃት ነው፤ ፀጉሯ በገባችበት ጠዋት የተቀባችውን ቅባት ይሸታል።

«መጣሁ። እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» አለቻት።

ይህን ብላ እስክትጨርስ ምዕራፍ የፊት ጥርሶቿን ነቅላ አበቀለች።

«አሥር ቆጠርኩኮ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«ከዚያ የሆነ አንቺን የመሰለ ነገር መጣ። ወንበሩ በውስጡ ይታያል። ፈራሁ።» ልጅቷ በለቅሶ መሐል እየተቆራረጠች ነበር የምትናገረው። ለመናገር የፈጀባት ጊዜ ዶክተር ሉላ ጡረታ እስክትወጣ ያለው ጊዜ ነው።

«እኔ ነበርኩ። ሙሉ ሆኜ መምጣት አልቻልኩም ነበር» አለች ሔርሜላ።

ኤፍራታ አፍንጫዋን በእናቷ ሹራብ ጠረገች። ለቅሶዋ ወደ ሳግ ተለወጠ። ሔርሜላ ራሷን እንዳታሰላ ትከላከል ነበር፤ አልቻለችም። አንድ ትንፋሿ አራት ዓመት ነው። ጓደኞቿ፣ የማማው ሰዎች፣ ቤት ያከራየቻት ሴትዮ፣ ሁሉም በዚህ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ እያረጁ ነው። ልጅቷን እሹሩሩ ልትላት አፏን ከፍታ ተወችው። የአንዱ እሹሩሩ ዋጋ የአንድ ሰው ዕድሜ መሆኑ ታሰባት። ዝም ብላ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

ያን ጊዜ ኤፍራታ አንገቷን ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀና አደረገች። በሩ አጠገብ ወዳለው ጥግ አየች።

«አባዬ» አለች።

ሔርሜላ ዞረች። ለመዞር አንድ ዓመት ፈጀባት። ጥጉ ላይ ግድግዳ ነው ያለው፤ የትንፋሽ ጉም መስታወት ላይ አርፎ ሲጠፋ የሚተወውን የመሰለ ነገር ያየች መሰላት፤ እርግጠኛ አልነበረችም። መልሳ ልጇን አቀፈቻት። ኤፍራታ ራሴን ያመኛል አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለቱ እንዲህ ሆነው ቆዩ። ብርሃኑ ጠቆር ፈካ፣ ጠቆር ፈካ እያለ ቀጠለ። ሔርሜላ ልጇን በክንዷ እንደያዘች ከፍርሃት በቀር ምንም አልተሰማትም። መድኃኒት ይመጣል ብላ ሳይሆን ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ነው የገባችው፤ አሁን ሁለቱም ብቻቸውን እንደሆኑ ታወቃት።

ድንገት ብርሃኑ ቆመ። አንድ ቀትር ሆነ፣ ወፎች ይሰሙ ጀመር፣ ሰዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ አልጋውን ከበቡት። ልጅቷን ከእጇ ሊወስዱ ሲሞክሩ ሔርሜላ አለቅም አለች። አንድ ወጣት ሐኪም ተንበርክኮ ፊቷን እያየ ቀስ ብሎ ተናገራት። አማርኛው ውስጥ የማታውቃቸው ቃላት ነበሩበት፤ መድኃኒት የሚለውን ግን ሰማች።

እሷ ከገባች ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። መድኃኒቱ ከተገኘ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። በአንድ አልጋ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎችን ሳይጎዱ ማውጣት የሚቻልበትን መንገድ ለማግኘት ነው ዘጠኙ ዓመት ያለፈው። ሐኪሙ ይህን የነገራት ያለ ወቀሳ ነበር። ሔርሜላ ባትዘል ኖሮ ልጅቷ ቀደም ብላ ትድን ነበር የሚለውን አልተናገረም፤ ሔርሜላ ግን እዚያው አሰላችው፤ የልጇ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ያን ዘጠኝ ሰከንድ በክንዷ ላይ የነበረውን ክብደት አስታወሰች። 

ሕክምናው ሦስት ሳምንት ወሰደ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኤፍራታ አላወቀቻትም፤ ትኩሳት ነበራት፣ ታቃዥ ነበር። ሔርሜላ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተኛች። ነርሶቹ ሌላ ክፍል ሲሰጧት እምቢ አለች። ስለ ከተማው፣ ስለ ዘመኑ፣ ማን እንደሞተ፣ ምንም አልጠየቀችም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጅቷ ተነሥታ ተቀመጠችና ራበኝ አለች። እጢው እየሟሸሸ መሆኑን ሐኪሙ በማግስቱ አረጋገጠ።

በዚያው ቀን ሔርሜላ ጠያቂ መጣ ተባለች። በሩ ላይ ፀጉሯ የሸበተ፣ ወፈር ያለች ሴት ቆማለች። ግንባሯ የይዲድያ ነው። ምዕራፍ ነኝ አለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሔርሜላን በዕድሜ ትበልጣታለች። አንቺ ልበል ወይስ እርስዎ እያለች መሆኗ ግልጽ ነበር፤ ጥቂት ካመነታች በኋላ «እትዬ» ብላ ጠራቻት። አየር ላይ ሳለች እንዳየቻት፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በሕልሟ እንዳየቻት ነገረቻት።

ኤፍራታ ተኝታ ነበር። ምዕራፍ እግሯ ሥር ተቀምጣ ታላቅ እህቷን፣ የስድስት ዓመቷን ልጅ፣ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ያባቷን ነገር ተናገረች። ይዲድያ ከሞተ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሆነው ክሊኒኩን ዘግቶ ደብረ ብርሃን ገባ። በሩ አጠገብ ያለው ጥግ ላይ ወንበር አስቀምጦ በየቀኑ ይቀመጥ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ምዕራፍ ያን ጊዜ ወጣት ሴት ነበረች፤ ምሳ የምታመላልስለት እሷ ናት። ቤቱ ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻ ስለሚፈቅድለት እጅግ ስስ ሆኖ ነው የሚታያቸው ተብሎ ነበር፤ ምናልባትም ጭራሽ አይታይም። እሱም ይህን ያውቃል። ጉልበቱ አልችል ሲለው ተወ። እስኪሞት ድረስ ግን አይተውኝ ይሆን እያለ ይጠይቃት ነበር፤ እሷ የምትለው አልነበራትም።

ምዕራፍ ጨርሳ ጥያቄውን ራሷ ሳታወጣው ሔርሜላን አየቻት።

ሔርሜላ ጥጉን አስታወሰች። እሷ ያየችው ግድግዳ ነው።

«እኔ አላየሁትም። ዘግይቼ ነው የዞርኩት» አለች። «ኤፊ ግን አይታዋለች።»

«እንዴት አወቁ?»

«ጠራችው። ጥጉን እያየች አባዬ አለችው።»

ምዕራፍ እጇን በልጅቷ ብርድ ልብስ ላይ አሳረፈች። ፊቷ አልተለወጠም። መስኮቱ ውጭ አንድ ሰው ግቢውን እየጠረገ ነበር፤ ጠርጎ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ይድገሙልኝ፣ እትዬ» አለቻት።

ሔርሜላ ደግማ ነገረቻት።